የሞጣው ስልከኛ አቶ ደምለው በላቸው እና ሁለቱ መልእክቶች

አቶ ደምለው ከአባታቸው ከቄስ በላቸው ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስሜነሽ ውቤ በ1897 ዓ.ም. ቢቸና ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረው ቅኔ ቤት ገቡ፤ መምህራቸውም አንዴ የሰሙትን እንደማይረሱ ይመሰክሩላቸው ነበር። በ1924 ዓ.ም. ወይዘሮ ንግስት አካለ ወልድን አግብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል።

በ1935 ዓ.ም. ቢቸና በስልከኛነት ተቀጠሩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ሞጣ ተዛወሩ። በሁለት መስመር የሚመጣውን ቃል አንድ ላይ እየሰሙ፣ በቀኝ እጃቸው እየጻፉ፣ ደጅ ለቆመው ባለጉዳይ መልስ ይሰጡ ነበር። በዚህ ሥራ እስከ አምሳ አምስት ዓመታቸው አልተሳሳቱም።

በኅዳር 1952 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ተኝተው ስለሚታከሙ ሁለት የሞጣ ሰዎች መልእክት መጣ። አቶ ውበቴ ሞተዋል፤ አቶ ፋንታ ድነዋል። በዚያው ሰዓት የቢቸናም መስመር ክፍት ነበርና አቶ ደምለው ሁለቱን ስሞች አቀያይረው ጻፉ። የፋንታ ቤት ለቅሶ ተቀመጠ። የውበቴ ባለቤት ወይዘሮ ይርጋነሽ ግን የባላቸውን ልብስ አጥበው፣ በቅሎ ተውሰው፣ ሊያመጧቸው ሦስት ቀን ተጓዙ። ሲደርሱ ተቀብረው አገኟቸው።

አቶ ደምለው ይቅርታ ሊጠይቁ ቢሄዱ ወይዘሮ ይርጋነሽ አልተቆጡም። "ጋሼ፣ ሦስቱን ቀን ውበቴ በሕይወት ነበር። እየሳቅሁ ነው የሄድሁ። አሁን ያን ሳቄን የት ላድርገው?" አሏቸው። አቶ ደምለው ወደ ስልካቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት መስመር ሲጠራ አንዱን ያስጠብቁ ጀመር። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ እያንዳንዱን ስም ከነአባቱ ጮክ ብለው ይደግማሉ፤ ለየመልእክቱ አንድ ጣት መድበው ጠረጴዛው ላይ ተጭነው ይይዛሉ። ወጣቱ ስልከኛ ማናዬ፣ "አባባ፣ ደከሙ እንዴ?" ሲላቸው፣ "ጆሮዬስ ደክሟል። ድሮ እሱ ብቻውን ነበር የሚሠራ፤ አሁን አፌም ጣቴም ያግዙታል" ብለው መለሱለት። ጡረታ እስከ ወጡበት 1962 ዓ.ም. ድረስ ዘገዩ እንጂ ዳግመኛ ስም አልሳቱም።

ሆኖም ኅዳር በገባ ቁጥር ማዕድ ላይ ሳሉ እጃቸው ቀጥ ይል ነበር። ሌላው የማይሰማው ጥሪ ይሰማቸዋል። "ይርጋነሽ መንገድ ላይ ናት፤ መልሷት" ይላሉ። ንስሓ አባታቸው ቢፈቷቸውም ይህ አልተዋቸውም።

በመጋቢት 1966 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም ተኙ። ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ልጃቸው ሀብትነሽ፣ ያን ቀን የውበቴና የፋንታ መልእክት ሲመጣ አጠገባቸው ተቀምጣ ስለ ሠርግ ልብሷ ታወራቸው የነበረችው እርሷ መሆኗን አልቅሳ ነገረቻቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "ደስ ብሎሽ ነበር፤ ላቋርጥሽ አልወደድሁም።"

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ይህን ለማንም አልተናገሩም። ሀብትነሽም ወይዘሮ ይርጋነሽ ባሉበት እንዲነበብ ስለፈለገች እዚህ ጽፋዋለች።

አቶ ደምለው ግንቦት 9 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጎን ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም እውነቱን የምንሸከምበት ልብ ይስጠን። አሜን።