የጋሽ ቦጋለ እግር

የካቲት 3
ዛሬ ብቻዬን አስራ አንድ ሸጥኩ። መርካቶ ሰባተኛ ላይ ከኔ የበለጠ አፍ ያለው ካለ ይምጣ! የሱቁ ባለቤት ሽኩር ያስመጣው አዲስ ዕቃ ነው። ስፖንጅ የለበሰ ጥቅልል፣ የክንድ ያህል፣ ቻርጅ ተደርጎ የሚንቀጠቀጥ... ሮለር ይሉታል። ጡንቻ ሲያዝ ከስሩ ታደርገዋለህ፣ ቀስ እያልክ ትንከባለልበታለህ። ጭኔን ሞከርኩት። እንደ ቅቤ ላላ።

ገንዘብ ተቀባይዋ ማሂራ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አነበበችልኝ። እንግሊዝኛ ትችላለች።
"በትንሹ ጀምር። አንድ ቦታ ላይ ከደቂቃ በላይ አትቆይ። አጥንትና አከርካሪ ላይ አታድርግ። ካመመ አቁም። ያበጠ እግር ጭራሽ እንዳታስነካ፣ ሐኪም ይየው ይላል።"
"አንቺ ወረቀቱን ሽጪ፣ እኔ ዕቃውን ልሽጥ።"
"አፍህ አንድ ቀን ይበላሃል።"
ቀንታ ነው።

የካቲት 5
ሰዉ "ዶክተር ሙናዊር" ይለኝ ጀመር። ይገባኛል።

የካቲት 6
ጋሽ ቦጋለ ከጎጃም ተመለሱ። የሱቃችንን ዕቃ የሚያራግፉት። ስልሳ አልፏቸው ኩንታል ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ ይወጣሉ። ቀኑን ሙሉ አውቶብስ ላይ እግር ሳይዘረጉ መጥተው ግራ ባታቸው አብጧል። ይፋጃል። ቀኙ ደህና ነው።
"ተይዞ ነው ጋሼ። እኔ እያለሁ!"
"አንተ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወጌሻ የሆንከው?"
"ብቻ እርስዎ ይቀመጡ።"
ሰው ከበበን። ባታቸውን በሮለሩ በደንብ ሰራሁላቸው። እያነከሱም ቢሆን ተነስተው ሄዱ። እዛው የገዙ አሉ።

የካቲት 7
ደረጃው ላይ ወደቁ። ትንፋሽ አጠራቸው... ከንፈራቸው ጠቆረ። ተሸክሜ ታክሲ ውስጥ አስገባኋቸው፣ ሆስፒታል ደረስን።
ሐኪሟ "እግራቸው ላይ የረጋ ደም ተነስቶ ሳንባቸው ገብቷል" አለች። "እግራቸውን ያሸ ሰው አለ?"
"እኔ አላውቅም" አልኩ።
አላውቅም!

የካቲት 8
አረፉ።

የካቲት 10
ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ሚስታቸው እትዬ ሠርኬ እጄን ይዘው ለሰው ሁሉ ያሳያሉ።
"እግሩን ያሸለት ይሄ ልጅ ነው። እጁ ይባረክ!"
ማሂራ ፊት ለፊት ተቀምጣ አየችኝ። በሰደበችኝ...

የካቲት 11
ማሂራ ሐኪም ጠይቃ መጣች። "የረጋው ደም በራሱም ሊነሳ ይችል ነበር አሉ። ማንም እርግጠኛ አይሆንም።"
ሰላም ይሰጠኛል ብላ ነው። አልሰጠኝም።

የካቲት 14
እትዬ ሠርኬ ቤት ሄድኩ። ነገርኳቸው። ወረቀቱን፣ ማሂራ ያነበበችውን፣ ሐኪሟን የዋሸሁትን... ሁሉን። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሰሙኝ።
"አመመኝ አላለህም?"
"ብለውኛል። ሁለቴ። ቀንስልኝ ብለውኛል።"
ይሄን እዚህ እንኳን አልጻፍኩትም።
"አንተስ?"
"ሰው ቆሞ እያየን ነበር... ሳቅኩ። ንዝረቱን ጨመርኩት።"
እትዬ ሠርኬ ተነሱና እንድወጣ በሩን ከፈቱልኝ።