ወንዝ ያቆመው ደብተር

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ፤ ከንብረቱ በፊት እርሱ ይጻፍ። የልጄን የሁዜይፋንና የጓደኛውን የመለሰን ደብተር ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ይህን የምናዘዘው እኔ የሻለም ሰዲቅ፣ የሟቹ የሼህ ጀላል ባለቤት፣ ኅዳር 16 ቀን 2009 ዓ.ም. መካነ ሰላም ከተማ በሚገኘው ቤቴ፣ ሰውነቴ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይጎድል፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ አራት ምስክሮች እየሰሙኝ ነው። ጸሐፊው ሙጀሂድ «እቴቴ፣ የደብተሩም ነገር ይጻፍ?» ብሎኛል። ይጻፍ።

ነገሩ የሆነው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሁዜይፋና መለሰ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳሉ አንድ ጨዋታ ሠርተው ነበር። አንዱ ይተርካል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ሰው ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ሲያጠራጥር የሉዶ ዳይስ ይጣላል። ሕጉ አንድ ገጽ ነበር፤ የቀረው ደብተር ካርታና ሥዕል ነው። የአስማቱ ሕግ ደግሞ ሁለት መስመር ብቻ፦ የምትፈልገውን ተናገር፤ ተራኪው አስማቱ የሚያሳጣህን አስቀድሞ ይነግርሃል።

አንድ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ምስር ስለቅም ሰማኋቸው።

«ድልድዩ ወድቋል፤ ወንዙ ሞልቷል» አለ መለሰ። «ምን ታደርጋለህ?»

«ወንዙን አቆመዋለሁ» አለ ሁዜይፋ።

«እሺ ሼሁ! በምን ታቆመዋለህ?»

«በአስማት።»

«እንግዲያው ስምህን ይወስዳል። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ጠርቶ አያገኝህም። ትሰጣለህ ወይስ ትተወዋለህ?»

ልጄም «ሰጠሁት» አለ።

አላህ ምስክሬ ነው፣ ወንዙ ሲቆም ሰማሁ። ጀላል ሲያስተምር ሰው ጸጥ ብሎ ሲያዳምጠው ኖሬያለሁ፤ እንዲያ ያለ ጸጥታ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ቃል ብቻ ነበር፤ ውሃው ግን ቆመ።

ከዚያ ፍርሃት መጣ። በተወለደ በሰባተኛው ቀን አባቱ ያወጣለትን ስም ልጄ ለወንዝ ሰጠ። በማግስቱ ደብተሩን ገለጥኩት። ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ክቡን፣ ቁጥሩን፣ የዓይኑን ሥዕል ሳይ ጠልሰም መሰለኝ። የአላህ ስም ይኖርበት ይሆናል ብዬ ማቃጠል ፈራሁ። ጀላል ደረሶቹ ቁርዓን የጻፉበትን የእንጨት ሉህ በውሃ እንደሚያጥብ፣ እኔም ጅረት ወርጄ ቅጠል በቅጠል አጠብኩት። የእስክሪብቶ ቀለም ግን እንደ ሉህ ቀለም አይለቅም። እስኪበጣጠስ አሸሁት።

መለሰ ደብተሩን ደሴ ወስዶ ለማሳየት ጠይቆ ነበርና ልጄ እርሱን ጠረጠረ። ደጄ ላይ «ሌባ!» አለው።

«በእናቴ እምላለሁ፣ ከቤታችሁ አላወጣሁትም! እናትህን ጠይቃት።»

ሁዜይፋ ዞሮ አየኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ይኸው አሥር ዓመት አይነጋገሩም።

እዚህ ላይ ምስክሬና ጎረቤቴ በለጡ አቋርጣኛለች፦ «አንቺ የሻለም! የመለሰ እናት ስትሞት ሁዜይፋ ለቅሶ ያልደረሰው በዚህ ነው?» በዚህ ነው፤ ይጻፍ። «ስንቱን ቀን አብረን ስንቀመጥ!» ብላለች። ይህም ይጻፍ።

ቤቴን ከነጓሮው ሁዜይፋና እኅቱ ሁዳ በሸሪዓ ድርሻቸው ይካፈሉ። ላሚቱ ለበለጡ ትሁን፤ ምን ሆንሽ ሳትለኝ አብራኝ የኖረች እርሷ ናት። ከሰማችው በኋላ አልፈልግም ካለች እንኳ ትውሰድ፤ ወተቱ ጥፋት የለበትም።

ያጠፋሁት ምን እንደነበር ለማወቅ ብዬ፣ ሁዳ በተወችው የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ብቻዬን ፊደል ቆጠርኩ። ከመጋረጃው ጀርባ የሰማሁትን ሁሉ በአዲስ ደብተር ጽፌ ሣጥኔ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ለሁዜይፋና ለመለሰ በአንድነት ሰጥቻለሁ፤ ለሁለት አይከፈልም።

ምክሬም ይህ ነው። በጨዋታው ሕግ አታብዙበት። የአስማት ዝርዝር እንዳታወጡ፤ የተዘረዘረ አስማት የሱቅ ዕቃ ይሆናል። ማንም ሳይጠብቀው ይምጣ፤ የሚያሳጣውም ነገር የሚወደድ ይሁን። ዋጋው ከብዶት «ትቼዋለሁ» ባለ ሰው አትሳቁ። አንድ ሕግ ከራሴ ጨምሬአለሁ፦ ከመጋረጃ ጀርባ የሚሰማ ሰው ካለ፣ ጥሩትና አብሯችሁ ይቀመጥ።

መለሰ ሆይ፣ ሐቅህ በእኔ ላይ ነው። ልጄ አልበደለህም፤ የበደለህ ዝምታዬ ነው። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።

ይህ ኑዛዜ ተነቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ፣ በራሴ እጅ ፈርሜአለሁ፦ የሻለም ሰዲቅ።

ሲነበብ ሰምተን ፈርመናል፦ በለጡ ጋሹ፣ አርዋ ሁሴን፣ ንግሥቴ አበጋዝ፣ ሙጀሂድ ኑሩ (ጸሐፊም)።

ወረቀቱ ለልጄ አይሰጥ። ሙጀሂድ ለመለሰ በእጁ ያስረክበው። ሁዜይፋ የእናቱን ቃል መስማት ሲፈልግ የመለሰን ደጅ ያንኳኳ፤ መለሰም ያንብብለት።