ቅቤ የጠጣው ራኬት

ረቡዕ፣ ጥር 2 ቀን 2004፣ ፍኖተ ሰላም

ጠዋት የአንድ ለአምስት ስብሰባ። እንደ ልማዴ ዝም ብዬ ወጣሁ። ከሥራ በኋላ ክበብ ሄጄ ከአብተው ጋር ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወትን። አብተው ንብረት ክፍል ነው፤ ከእሱ ሌላ የሚያጫውተኝ የለም። የመሥሪያ ቤቶች ውድድር በወሩ መጨረሻ ነው አለኝ። ከሴቶች ያሸነፈችው ዞኑን ወክላ ባሕር ዳር ትሄዳለች።

ሁለት ዓመት ለፍጻሜ ደረስኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ በእፀገነት ተሸነፍኩ። የጤና ጽሕፈት ቤቷ እፀገነት… ስትመታው ኳሱ አይታይም። እኔ እመልሳለሁ፣ እመልሳለሁ፣ በመጨረሻ ትጥለኛለች። ሰውም «ትዕግሥቷ!» ብሎ ያጨበጭብልኛል። ትዕግሥት ዋንጫ ይሆናል እንዴ? ዘንድሮ መምታት አለብኝ።

«በዚህች ራኬት ዝንብም አትገድይም» አለ አብተው። እውነቱን ነው። የክበቡ ራኬት ላባ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 5

ሱቅ ሁለት ራኬት አገኘሁ። አንዱ ቀላል፣ ስስ፣ እጅ ላይ የሚታዘዝ። ሌላው ወፍራም፣ ወደ ራሱ የሚከብድ፤ ከጎማው ሥር ስፖንጅ አለው። አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ… ባለሱቋ በለጠች «እህቴ፣ ባል እየመረጥሽ ነው?» አለችኝ።

አብተው ቀላሉን ውሰጂ ብሎኛል። «ለአንቺ ጨዋታ እሱ ነው።» እኮ! የሰለቸኝ ያ ጨዋታ ነዋ። ከባዱን ገዛሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 8

ክንዴ ዛለ። እዘገያለሁ። የሚገባልኝ ጥቂቱ ነው፤ ቀሪው ግድግዳ ነው የሚመታው። ሲገናኝ ግን… ድምፁ! አብተው ሳያስበው ወደ ኋላ ሸሸ።

ቅዳሜ፣ ጥር 12፣ ማንኩሳ

ለጥምቀት ቤት መጣሁ። ራኬቱም አብሮኝ። አባዬ አይተው «እስቲ ወዲህ በይው፤ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«መምቻ ነው አባዬ። ልክ እንደ ገና ዱላዎ።»

ዓይናቸው በራ። በጉብዝናቸው ጊዜ ገና ሲጫወቱ አባዬ የመቷትን ሩር፣ የእንጨት ኳሷን፣ ጅጋ ከተማ ድረስ ሄደን እንፈልጋት ይባል ነበር። ራኬቱን በእጃቸው መዘኑት፣ አገላበጡት።

«ራሱ ከበድ ማለቱ ደግ ነው። በክንድሽ አትተማመኚ፤ ከወገብሽ ዙሪና ምቺ። የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል። ለመሆኑ የምትገጥሚያት ማን ናት?»

«እፀገነት የምትባል።»

«ክፉ ናት?»

«ኧረ ጥሩ ልጅ ናት።»

«ይሁን። ብቻ ደኅና አድርገሽ ምቺ።»

እሑድ፣ ጥር 13

አለቀልኝ።

ጠዋት ራኬቱን ካስቀመጥኩበት አጣሁት። አባዬ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ያሹታል! ቅቤ ቀብተው፣ በእሳቱ ወላፈን እያገላበጡ… እንደ አዲስ ዱላ። «ሳይቀባ ብትመችበት ይሰነጠቅብሻል ልጄ» አሉኝ። ጎማው ተሸብሽቧል። ስፖንጁ ከእንጨቱ ተላቋል። ፊታቸው ላይ ያለውን ደስታ እያየሁ ምን ልበል? «እግዜር ይስጥልኝ አባዬ» አልኩ።

ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ሾፌሩ ሰው ሞቶባታል ብሎ ሙዚቃውን ዘጋልኝ።

ሰኞ፣ ጥር 14

በለጠች ጋ ሄድኩ። ቀላሉም ተሸጧል።

ረቡዕ፣ ጥር 16

አብተው ራኬቱን አሸተተና «ይኼ ራኬት ነው ዶሮ ወጥ?» አለ። ሳልወድ ሳቅኩ።

የተበላሸውን ላጥነው። እንጨቱ ጠቆር ብሏል እንጂ ምንም አልሆነም። ከክበቡ አሮጌ ራኬት ስስ ጎማ ገፈን ለጠፍንበት… ወደቀ። ማስቲሹ እምቢ አለ። ቅቤው ነዋ! በቤንዚን ጠረግነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግነው፣ ደግመን ለጠፍነው። ያዘ።

ስፖንጅ የለውም አሁን። ከሥሩ ያው ከባዱ እንጨት ብቻ። ይሠራ ይሆን? አባዬ እንዳሉኝ ከወገቤ ዞሬ መታሁ። ኧረ ጉድ! ኳሱ ራኬቱ ላይ አይሰምጥም፤ ቀጥ ብሎ ይወረወራል። አብተው ወንበር ሥር ኳስ ሲፈልግ አመሸ።

ቅዳሜ፣ ጥር 26

ለፍጻሜ አለፍኩ! ነገ ከእፀገነት ጋር። ለአባዬ በስልክ ነግሬያቸው ሊያዩ ሊመጡ ነው። ምን አስለፈለፈኝ?

እሑድ፣ ጥር 27

አሸነፍኩ! አሸነፍኩ!

አባዬ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ከፊት ተቀመጡ። ስጀምር ፈራሁ። ያው መመለስ፣ መመለስ… የመጀመሪያውን ዙር ወሰደችው። ሰው ደግሞ «ትዕግሥቷ!» ጀመረ። አባዬ ጨዋታውን በቅጡ አያውቁትም፤ ግን ብድግ አሉ።

«አንቺ ልጅ! መቼ ነው የምትመቺ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ፍርሃቴ እዚያው ቀረ። የሚቀጥለውን ከወገቤ ዞሬ ለቀቅኩት። እፀገነት እንኳን ልትመልሰው፣ አላየችውም! ከዚያማ አላቆምኩም። የሳትኩትም ብዙ ነው፤ ግን እየመታሁ ነው የሳትኩት። በመጨረሻ ሸሽታ ሸሽታ ጀርባዋ ግድግዳው ጋ ደረሰ። የመጨረሻዋን ኳስ ስመታ እንደሚገባ ገና ከድምፁ አውቄዋለሁ።

እፀገነት አቀፈችኝ። «ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«ቅቤ» አልኳት።

አባዬ ሰምተው በዙሪያቸው ላለው ሁሉ «ቅቤው ነው! እኔ ነኝ የቀባሁት!» አሉ። አብተው አየኝ። አየሁት። ራኬቱን ቶሎ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ፣ ጥር 28

ቢሮ ስገባ «መቺዋ መጣች!» አሉኝ። ስብሰባው ላይ ሳልጠየቅ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። ምን ነካኝ? ደስ አለኝ።

ሻንጣዬን ለባሕር ዳር እያሰናዳሁ አባዬ ደወሉ።

«ራኬቱ መንገድ ላይ እንዳይደርቅብሽ፣ ትንሽ ቅቤ በሰው ልላክልሽ?»

ጎማውን አሰብኩት። ከዚያ የትናንቱን ፊታቸውን አሰብኩት።

«ይላኩልኝ አባዬ» አልኩ። እጀታውን ብቻ እቀባበታለሁ።