ያልተቆጠረ እጅ

ጥቅምት 4
ዛሬ ጋዜጣ አነበብኩ። ግማሹ ጠፋኝ፤ ግማሹንስ ቢሆን ማን ይደፍራል? ከላምበረት ጎሚስታዎች ውስጥ ጎማ እየለጠፈ የሚጽፍ እኔ ደቻሳ ብቻ ነኝ። የሚመጣው እሑድ የቀበሌ ምርጫ ነው፤ ለኮሚቴ እጩ ነኝ። ሚስቴ መብራት፣ አንተን ከመረጡ እኔ ሰፈር እቀይራለሁ አለች። ቅናት...

ጥቅምት 6
ማታ መሠረተ ትምህርት ክፍል መምህር ተኽላይ ስለ ጥንት ግሪኮች አወሩልን። አቴና በምትባለው ከተማቸው ድምፅ የሚሰጠው እናትና አባቱ የከተማው ተወላጅ የሆኑ ወንድ ብቻ ነው አሉ። ሴት የለችበት፣ ባሪያ የለበት፣ ከሌላ አገር የመጣም ዕድሜውን እዚያ ቢጨርስ የለበት። ለመብራት ነገርኳት። «ታዲያ ማን ቀረላቸው?» አለች።
ሌላም ነበራቸው። ተሰብስበው፣ እንዲወጣላቸው የሚፈልጉትን ሰው ስም ገል ላይ ይጽፋሉ። ስሙ የበዛበት ዐሥር ዓመት ከከተማው ይወጣል። ጥፋቱ አይነገረውም። መልስ አይሰጥም። ክፍሉን ማን አሳቀው? እኔ። እንሞክረው፣ የጽሕፈት ልምምድ ይሆነናል አልኩ።

ጥቅምት 8
ገሉን ከሾላ ሸክላ ሻጮች እኔው ለቅሜ አመጣሁ። በከሰል ጻፍን። እኔ የኢስሐቅን ጻፍኩ፤ ክፍል ውስጥ ያንኮራፋል። መምህር እያነሱ አነበቡ። ደቻሳ። ደቻሳ። ደቻሳ... ለካ ይህን ያህል ታዋቂ ነኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እጄን እንደ ሹም እያወዛወዝኩ ወጣሁና በሩን ዘጋሁ። ውጭ ቆሜ ስጠብቅ ሳቁ ቆመ። ግባ ያለኝ የለም። ለምን?

ጥቅምት 9
ወሬው ለቀበሌው ሊቀመንበር ለጓድ ገሰሰ ደርሷል። መምህርን አስጠርቷቸው ነበር። መንገድ ላይ፣ ወደ እኔ ሳያዩ ነገሩኝ።
«በምን ጥፋት አስወጣችሁት?» አላቸው።
«ጨዋታ ነው፣ ጓድ። ግሪኮቹም ቢሆኑ ጥፋት አይናገሩም ነበር።»
ጥቂት አሰበና «ጥሩ ሕግ ነው» አለ አሉ።
ለጊዜው ክፍል አትምጣ ብለውኝ ሄዱ።

ጥቅምት 10
ኢስሐቅን ሰላም ስለው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ጫማው ክር የለውም።
ኅብረት ሱቅ ወረፋ ላይ ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ ከፊቴ መጥታ ቆመች። አልገፋችኝም። ባዶ ቦታ እንደሚገባ ሰው ነው የገባችው። ቀለድኩባት... ዘንቢሏን በእግሯ ወደ ፊት ገፋ አደረገች።

እሑድ፣ ጥቅምት 11
አዳራሹ ሞልቷል። እጩዎች ሲጠሩ ስሜ የለም። ይሁን። መምረጥ ግን ማን ይከለክለኛል? እጄን አወጣሁ። ገሰሰ በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥራል። ከግራዬ ያለውን ቆጠረ። ከቀኜ ያለውን ቆጠረ። ጣቱ በእኔ ላይ ሲያልፍ አልፈጠነም፣ አልዘገየም።
«እኔስ?» አልኩ።
የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ሌላ የሰማ የለም። መብራት ብቻ ከሴቶቹ መሐል አየችኝ። አየችኝ... ከዚያ አቀረቀረች።

ጥቅምት 14
መብራትን ቀበሌ ጠሯት። አብሬያት ሄድኩ። የቤቱ ኃላፊ አንቺ ነሽ ተብለሽ ትመዘገቢያለሽ አሏት። ጸሐፊው ቀና ሳይል ጠየቃት።
«ባለቤትሽስ?»
አጠገቧ ነኝ። ክርኔ ክርኗን ይነካል። ልጆቻችንን እያሰበች መሰለኝ።
«የለም» አለች።
አፌን ከፈትኩ። ብናገር እሷንም... ዘጋሁት።
ስትወጣ መንገድ ለቀቅኩላት። በሩ ጠባብ ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው።