የቆሻሻ መጣያው ቦታ

ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሶዶ

ዛሬም ስለ ከተማዋ ቆሻሻ ሕዝቡን ሰብስበን ዋልን። አዲስ መጣያ ያስፈልጋል በሚለው ሁሉም ተስማማ፤ እኛ ሰፈር ግን አይሆንም ያላለ የለም። ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ ሽታው ደንበኛ ያባርርብኛል አሉ። የኦቶና ሰፈር ሰዎች ደግሞ ሐኪም ቤት አለን አሉ። በመጨረሻ በቦዲቲ መንገድ ያለችው የእናቴ መንደር ተመረጠች፤ የሚቃወም አልነበረም።

"ከዚያ እኮ ማንም አልተጠራም" አልኩ።

ሰብሳቢው ደክሟቸዋል። "አንቺ የዚያ ልጅ አይደለሽ? አለሽ እኮ፤ ተወክለዋል ማለት ነው" አሉኝ። ተጨበጨበ።

እኔ የገባሁት ወንበር ለመደርደርና ውሃ ለማደል ነበር። እግሬን እስካሁን ያመኛል። ቅዳሜ እናቴ ጎደሬዋን ይዛ ለገበያ ትመጣለች። ስብሰባው ላይ ማን ተናገረልን ማለቷ አይቀርም።