አባባ ኖራ የቀባቸው ድንጋዮች

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽስ? የምታስታምሚያትን አሮጊት ስታነሺ ቀጭ አለ ያልሽኝ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ "ደህና ነኝ" ብለሽ ዋጥ አድርገሽው ነው? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ብርዱስ ጠናባችሁ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባም ጤናው ደህና ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ የሚቀጥለውን ስታነቢ ልብሽ ክፉ እንዳያስብ ነው።

አባባ ከቤቱ ወጥቷል። አሁን እኛ ጋ ነው፤ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ጨርቅ በማስቀምጥባት ክፍል አልጋ ዘርግተንለታል። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጻፍልሽ፤ ቢረዝምብሽ ታገሺኝ።

ጫካው የዓለም ጥብቅ ደን ተብሎ ሲመዘገብ አባባ እንዴት እንደፈነደቀ ታስታውሻለሽ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ጫካ አይደል? ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ባልዲውን ይዞ የድንበሩን ድንጋዮች ኖራ መቀባቱን አልተወም። ያዘዘው የለም። "ድንበር ካልታየ ሰው ሳያውቅ ይገባበታል" ይላል። ድንጋዮቹ በቤቱ ጀርባ ነበር የሚያልፉት፤ ቤቱ ወዲህ፣ ጫካው ወዲያ።

አምና እመጣለሁ ያልሽ ጊዜ ታዲያ ኖራ ተረፈው። ከትልቁ መንገድ ተነስቶ በቤቱ ፊት የምታልፈውን የእግር መንገድ ዳሯን በድንጋይ ደረደረና ቀባት። "የምታውቀው መንገድ በቁጥቋጦ ተውጧል፤ ልጄ ከመሸባት ነጩን እያየች ትምጣ" አለ። አንቺ ፈቃድ ተከልክለሽ ቀረሽ። ድንጋዮቹ ነጭ እንደሆኑ ቆዩ።

በዚያው ሰሞን ደኑን የሚለኩት መጡ፤ ከደን መሥሪያ ቤቱ መሐንዲሶች፣ ጫካውን ከመዘገበው የውጭ ድርጅት ደግሞ አንዲት ሴትዮ ከነአስተርጓሚዋ። አባባ ዓይኑን ሊታይ እኛ ጋ ነበር። ድንበሩ በየዓመቱ ኖራ ይቀባል ተብለዋልና ከትልቁ መንገድ ጀምረው ነጩን ድንጋይ ተከተሉ። የአንቺ መንገድ ወደ ላይ ወጥታ ከድንበሩ ድንጋይ ጋር ትገጥማለች። በቃ፣ ቤቱ ጫካ ውስጥ ገባ። ቤቱ ንቅንቅ አላለም፤ ጫካውም እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ በደኑ ውስጥ ሰው መኖር አይችልም ተባለ።

አባባ መጀመሪያ ሴትዮዋ ዘንድ ሄደ። እሷም፣ እኛ ማንንም ውጣ አላልንም፣ መሬቱ የአገራችሁ ነው፣ መስመሩንም የላከልን መንግሥታችሁ ነው፣ እሱ ካስተካከለው እንቀበላለን አለችው። ወንበር ስባ አስቀምጣው ስለነበር አባባ ወደዳት። መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ ደግሞ ኃላፊው ካርታው በውጭ ጸድቋል፣ ብቻችንን አንነካውም አለው። እንዲህ ከወዲያ ወዲህ ሲያመላልሱት ከረሙ።

ኋላ ሁለቱ ራሳቸው ተጣሉ። መንግሥት በጫካው መሀል መንገድ ሊያወጣ ሲል ድርጅቱ አይሆንም አለ። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥቶ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰበን። በገዛ መሬታችን ላይ ከውጭ የሚያዘን የለም፣ ከምዝገባው ወጥተናል ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ። አባባ ብድግ ብሎ ነው ያጨበጨበው፤ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። አልዋሽሽም፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ቤቱ የተመለሰ መስሎን ነበር።

ከዚያ አባባ እጁን አወጣ። የውጭው ነገር ከቀረ ቤቴ ከመስመሩ ይውጣልኝ፣ ድንጋዩን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ድንበርም አይደለም የልጄ መንገድ ነው አለ። ሰው ሳቀ። ባለሥልጣኑ ግን አልሳቀም፤ በአክብሮት ነው የመለሰለት። "አባቴ፣ የቀረው የእነሱ ስም ነው። መስመሩ በራሳችን ባለሙያ የተሰመረ የራሳችን መስመር ነው። ዛሬ ብናነሳው ድንበራቸውን እንኳ አያውቁም ብለው ይስቁብናል። ለአገር ሲሉ ይቻሉት" አለው። እንደገና ተጨበጨበ። አባባም አጨበጨበ፤ አጠገቡ ስለነበርኩ አይቻለሁ። ስንወጣ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ "በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት" አለ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀን ነበር።

ተናደድክ ወይ ብትይኝ፣ አልተናደድኩም። አላለቀስኩምም። ደንዝዣለሁ። በማግስቱ ሱሪ ሳሳጥር ዋልኩ፤ ደንበኞቼ እንዲያውም ዝምታዬን ወደዱት መሰለኝ። ጨርቅ ላይ አሳስቼ ያሰመርኩትን በመዳፌ አብሼ አጠፋዋለሁ። ይህን ነገር ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ፤ ሌላ ያሰብኩት የለም።

ዕቃውን ልንጭን መኪና ይዤ የሄድኩ ጠዋት አባባ ቤት ውስጥ አልነበረም። ዞር ዞር ብዬ ሳየው መንገዷ ላይ ተንበርክኮ ድንጋዮቹን ይቀባል። ዝናብ አጥቧቸው ነበር። "አባባ፣ ይህ እኮ ያስወጣህ መስመር ነው" አልኩት። ቀና እንኳ ሳይል "አሁን ድንበር ሆኗል። ካልታየ ሰው ሳያውቅ ይገባበታል" አለኝ። ባልዲውን ያዝኩለት። ሲጨርስ እጁን በሣር ጠራረገና መኪናው ላይ ወጣ። ወደ ኋላ አላየም።

የድንጋዩን ነገር አትንገራት ብሎኛል፤ በእኔ ምክንያት ነው ብላ ትጎዳለች ይላል። እኔ ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ጻፍኩት። ባንቺ ምክንያት አይደለም፤ አደራሽን እንዲህ ብለሽ እንዳታስቢ። ስትደውዪለት ስለ ዓይኑ ጠይቂው፣ ስለ ቤቱ አትጠይቂው።

ባለቤትሽን ጋሼን ሰላም በይልኝ። ለትልቋ ልጅሽ ቀሚሷን ጀምሬላታለሁ፤ ቁመቷን ላኩልኝ፣ በግምት እንዳልቆርጠው። ያንን ጭራሮ ወንድ ልጅሽን ብላ በይልኝ፣ አጎትህ ሱሪ የሚሰፋው ወገብ ላለው ሰው ነው ብሏል በይው። የምታስታምሚያትን አሮጊትም እግዜር ይማርሽ በይልኝ። ባለቤቴ እጅ ነስታለች። ልጄ አባባ ከእሷ ጋር በመሆኑ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ከቤቱ ደስ ያላት እሷ ብቻ ናት። አባባ ግንባርሽን ስሟል።

እንግዲህ ዘንድሮ ፈቃድ ካገኘሽና ከመጣሽ፣ አውቶቡሱ አመሻሽቶ ካወረደሽ፣ ነጩን ድንጋይ አትከተዪ። የቤቱ ጣሪያ ተነስቷል። እዚያው መንገዱ ዳር ቁሚ፤ እኔና አባባ መጥተን እንወስድሻለን።

ታናሽ ወንድምሽ
ከስፌት ቤቱ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን