የተረፈው መታወቂያ

ውድ እትዬ፣

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። "ቦርሳዎቹ ደረሱ?" ስትይኝ ስልኩን ዘጋሁት።

ድርጅትሽ ለተማሪዎች የሚያድለውን ቦርሳ እንዳቀርብ ስንስማማ ያስፈረምሽኝን ፎርም ታስታውሻለሽ። "ሠራተኞቹ በፈቃዳቸው መሥራታቸውን በዓይንህ አይተሃል?" ይላል።

"እትዬ፣ ለቦርሳ ነው ለጋብቻ?" ብዬ ሳቅኩብሽ።

"አይተሃል ወይ ነው ያልኩህ።"

አዎ ብዬ ፈረምኩ። የዚያን ቀን ማስታወሻ ደብተሬ ግን "ዝናብ ነበር፤ ልብስ ስፌቱ ቤት አልሄድኩም። ናሙናው ጥሩ ነው" ይላል። ስፌቱን ገልብጬ አይቻለሁ፤ ሰፊዎቹን አላየሁም።

ትናንት የሄድኩትም ለፎርምሽ ብዬ አይደለም። ዘጠኝ መቶ ቦርሳ በአራት ቀን ደረሰልኝ። ቦርሳውን የሚሰፋልኝ ስፌት ቤት ያለው ደግሞ አሥራ ሁለት ማሽን ነው፤ ጎበዝ ሰፊ በቀን ከአሥር አታልፍም። ባለቤቱ ሥራዬን ለሌላ አሳልፎ እየሰጠ ያታልለኛል ብዬ ልይዘው ነው የሄድኩት።

በሩ በውጭ በኩል ተቆልፏል። ባለቤቱ እየሳቀ ከፈተልኝ።

"ሌባ ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።"

"ሌባ ከፈራህ እነሱ ከውስጥ ይቆልፉ እንጂ!"

"አንተ ደግሞ! ዕቃህ ደርሶልሃል፣ ምን ቸገረህ?"

ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። ፍራሾቻቸው ተጠቅልለው ከየማሽኑ ሥር ተሸጉጠዋል። አንዷ ማሽኗን ሳታቆም ቦርሳው ላይ ያለውን የድርጅትሽን ምልክት ነካ አደረገች።

"ወንድሜ፣ ይሄ የማነው?"

"ሰው የሚረዱ ሰዎች ናቸው።"

"እኛ እዚህ እንዳለን ያውቃሉ?"

እትዬ፣ መታወቂያችሁን አሳዩኝ አልኳቸው።

ባለቤቱ ሰብስቦ በብስኩት ቆርቆሮ ይዞባቸዋል። ሹፌሬን ፖሊስ እንዲጠራ ልኬ በሩ ላይ ቆምኩ። ሰውየው ሳቁ ጠፋና ቆርቆሮውን ወረወረልኝ። ስም እየጠራሁ አደልኩ። ሴቶቹ አሥራ አንድ፣ መታወቂያው አሥራ ሁለት።

"የዚህኛው ባለቤትስ?"

ማሽኖቹ ሁሉ ቀጥ አሉ።

"ታማ ነበር" አለች ያቺው ሴት። "ያ ዝናብ የጣለ ሳምንት። የሚሰማን ካለ ብለን በሩን ደበደብን። በኋላ ተሸክመው አወጧት፤ ከዚያ ወዲህ አላየናትም።"

ዝናብ ነበር፤ አልሄድኩም።

ሰውየው ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ የት እንደጣላት ግን አልተናገረም። ሴቶቹ እኔ ቤት ናቸው። ውሉን ቀደሽ ብቻ እንዳትገላገይ፤ ሥራውን ይፈልጉታል፣ የማይፈልጉት የተቆለፈውን በር ነው። ሌሎቹ አቅራቢዎችሽ ጋ ደግሞ እኔን የመሰለ ሰው አትላኪ። ሳትናገሪ ራስሽ ሂጂ።

እኔ ነገ ከጠዋት ጀምሮ ሆስፒታሎቹን እዞራለሁ። መታወቂያው ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ፎቶው ላይ ልትስቅ ስትል ያነሷት ትመስላለች። በእጇ የሰጠኋት ቀን ፎርምሽን እንደገና አምጪልኝ፤ እስከዚያ ስሜን ሰርዢው።

ሳያይ የፈረመው ወንድምሽ